ጫማ አውልቁ የምትለው ሐኪም

ጣቢታ የእግር ሽታ አይከብዳትም ነበር። ዓለም ገና ጤና ጣቢያ በሠራችባቸው ዓመታት ያልሸተታት እግር የለም፤ ጭቃ ሲያቦካ የከረመ የገበሬ እግር፣ ኮንጎ ጫማ ውስጥ ሲላብ የዋለ የግንበኛ እግር፣ የፋብሪካ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ቆሞ የዋለ የወጣት እግር። ለእሷ ሽታ ወሬ ነበር፤ ውስጥ ምን እንዳለ ቀድሞ የሚነግር። የእግር ሽታ ሊያስጠላት የጀመረው ቡራዩ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ገብታ ኑሮዋ ካማረ በኋላ ነው። ታሪኩ ይኸው ነው። የሚያስጠላ ታሪክ ነው፣ አስቀድሜ ልናገር።

ጣቢታ የቤተሰብ ሐኪም ናት። እንዲህ ስትል «የማን ቤተሰብ?» የማይላት ሰው ጥቂት ነው። ሆሳዕና ያሉት አባቷ እንኳን፣ ልጃቸው ሕክምናውን ጨርሳ በላዩ ሌላ የትምህርት ዓመታት ስትጨምር፣ ልብ ወይም ዓይን ወይም አጥንት ይዛ የምትወጣ መስሏቸው ነበር። እሷ ይዛ የወጣችው ሰውን ከነቤቱ ነው። አያትየውን ለደም ግፊት፣ ምራቲቱን ለእርግዝና፣ ሕፃኑን ለሳል በዚያው ክፍል ታያለች፤ ማን መድኃኒቱን ለጎረቤት እንደሚያካፍል፣ ማን ጨው ቀነስኩ እያለ እንደሚዋሽ ታውቃለች። እንዲህ ያለ ሐኪም የእውቀቱ ግማሽ መጽሐፍ ውስጥ፣ ግማሹ ሠፈር ውስጥ ነው። ሠፈሩን ሲለቅ ግማሹን ጥሎ ይሄዳል፤ ይህን ግን በምርቃት ቀን ማንም አይናገርም።

በጤና ጣቢያው የነበራት ክፍል ጠባብ ነው። ጣሪያው በክረምት ያፈሳል፣ የበሽተኛው ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው። ነገር ግን መስኮት ነበረው። በመስኮቱ በኩል ውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ታያለች። ተራው የደረሰ ሰው ተነስቶ እስኪገባ ድረስ አረማመዱን ትከተላለች፤ ማን እንደሚያነክስ፣ ማን ግድግዳ እንደሚደገፍ፣ ማን ትንፋሽ እንዳጠረው። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ግማሹን ጨርሳለች። ስኳር ያለበት ከሆነ ደግሞ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል አንድ ነው፦ «ጫማ አውልቁ!» ኦሮምኛ ለሚናገሩት «ኮጴ ባሳ!» ትላለች፣ በሆሳዕና ቅላጼ፤ እነሱም ይስቁባታል።

«ስኳር እግርን ያደነዝዛል» ትላቸዋለች። «ሚስማር ቢወጋችሁ አይሰማችሁም። እናንተ የማይሰማችሁን እኔ ልይላችሁ።»

ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ የጣቶቹን መሃል እየፈለቀቀች ታያለች። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ አፍሮ ነበር። ሐኪም እንዴት እግሬ ሥር ትንበረከካለች ብሎ የሸሸም አለ። በኋላ ግን ለመዱ። ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ልብሱን እንደሚያጥብ፣ ወደ ጣቢታ ሲመጣ እግሩን ማጠብ ጀመረ። ስሟን የማያውቅ እንኳን «ያቺ ጫማ አውልቁ የምትለዋ» ብሎ ይጠራታል።

ከሁሉ ይበልጥ ያፍሩ የነበሩት ጋሽ ውብአየሁ ናቸው። ዓለም ገና መንገድ ዳር ያለው ወፍጮ ቤት የእሳቸው ነው፤ ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው፣ መጀመሪያ ተቀጥረው፣ በኋላ ገዝተውት፣ ዕድሜያቸውን በዱቄት ነጥተው የኖሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ቃላቸው የተከበረ። ጣቢታ መጀመሪያ ጫማ አውልቁ ስትላቸው «ልጄ፣ ሌላ ቀን አይሻልም?» ብለው ነበር። እሷም «ሌላ ቀን እግሩን ቤት ትተውት ይመጣሉ?» አለቻቸው። ሳቁና አወለቁ። ከዚያ ወዲህ ገና በር ላይ ሆነው ጎንበስ ይላሉ፤ እሷ ቃሉን እስክትናገር ግን አያወልቁም። ሐኪም ሳያዝ ማውለቅ ድፍረት መሰላቸው መሰለኝ። «በይ እዘዢኝ» ይላሉ። ታዝዛለች፣ ያወልቃሉ። የሁለቱ ጨዋታ ነበር። አንድ ጊዜ ከግራ ተረከዛቸው የብረት ፍላጭ በጉጠት አውጥታላቸዋለች፤ ከወፍጮው የወደቀች ናት፣ እሳቸው ጭራሽ አልተሰማቸውም። «እሷ ባትኖር ይኼኔ በአንድ እግሬ ነበር ስዘል የምታዩኝ» እያሉ ለመንደሩ ሲያወሩ ከረሙ።

ጣቢታ ጤና ጣቢያውን ስትለቅ አልፈርድባትም። ባሏ የሚሠራበት ግንባታ ቆሞ ሰውየው ፉሪ ካለው የኪራይ ቤታቸው መዋል ጀምሮ ነበር፤ ሆሳዕና ደግሞ ትምህርት ላይ ያሉ ወንድሞቿ አሉ። መድኃኒት የለም፣ ጓንት የለም፣ ዛሬ መብራት ሄደ፣ ዛሬ ስብሰባ ተባለ። ሰው እንጀራ ፍለጋ ሥራ ቢቀይር ምን ነውር አለው? ነውሩ ሌላ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚመጣው።

የቡራዩውን ክሊኒክ ስም አልጠራም፤ ስሙን የሚጠራለት ከቤት የሚተልቅ ማስታወቂያ በየመንገዱ አለው። ባለቤቱ አቶ ፍቅረሥላሴ ይባላል። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። የሴራሚክ ነጋዴ ነበር፤ ወደ ሕክምና የገባው በሴራሚክ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ወለሉን ያየ ሰው ለበሽታ የተሠራ ነው አይልም፣ ፊት ያሳያል። በሽተኛን «ደንበኛ» ይላል። በሽተኛ የሚለውን ቃል በሥራ ሰዓት የተናገረ ሠራተኛን ይቆጣል። «ደንበኛ ስትለው ይመለሳል፣ በሽተኛ ስትለው ይድናል» ብሎ ቀልዶ ያውቃል። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀለት። ጣቢታም ሳቀች፤ አዲስ ነበረች።

እዚያ አሠራሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰው ከሐኪሙ በፊት ላቦራቶሪ ይገባል። ትኩሳት ያለ፣ ራሴን ያለ፣ ደከመኝ ያለ፣ ሁሉም ደም ይሰጣል፤ የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ለሁሉም ይታዘዛል። ያቺ ምርመራ ደግሞ ታይፎይድ የሌለበትን ሰው ሳይቀር አለብህ የምትል ቀጣፊ መሆኗን ሕክምና የተማረ ሁሉ ያውቃል። ያውቃል፣ ያዝዛል። በሽተኛውም ይወዳታል፤ «ምንም የለብህም» ተብሎ ከሚመለስ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መርፌ ተወግቶ ቢመለስ የታከመ ይመስለዋል። እንዲህ ሁሉም እያወቀ፣ ሁሉም እየተስማማ የሚዋሽበት ቦታ ነው። ጣቢታ በክፍሏ መስኮት የላትም። መስኮት ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ ስክሪን ተሰቅሏል። ሰውየው ከመግባቱ በፊት ውጤቱ ይገባል፤ ሰውየው ሲገባ ምን እንዳለበት ተጽፎ ይጠብቀዋል። እንግዳ ተቀባይዋ ሜሪ ሰውየውን አስገብታ፣ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ በሩን ዘግታ ትወጣለች። ሲራመድ የሚታይ ሰው የለም።

መጀመሪያ ላይ ጣቢታ ታግላለች፣ ይህን አልክድባትም። ላቦራቶሪ ሳያስፈልገው የመጣውን ትመልሳለች፣ ሆድ ትዳስሳለች፣ ጫማ አውልቁ ትላለች። አንድ ቀን ከገፈርሳ አካባቢ አንድ ገበሬ፣ ኦቦ ዱጋሳ የሚባሉ፣ ስኳር ያለባቸው፣ መጡ። ቦቲ ጫማ አድርገዋል። «ኮጴ ባሳ» አለቻቸው፣ አወለቁ። ወይ ጉድ! ሽታው በሩን አልፎ ኮሪደሩን ሞላው። ውጭ የተቀመጠች አንዲት ሽክ ያለች ሴት አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ ወጣች፤ ወጥታም ዝም አላለች፣ «ክሊኒኩ ይሸታል» ብላ ስልኳ ላይ ጻፈች። የጻፈችውን ዓለም ሁሉ አነበበው።

አቶ ፍቅረሥላሴ ጣቢታን ጠራት። አልተቆጣም፣ እንዲያውም ሻይ አስመጣላት።

«ዶክተር፣ ቅንነትሽን አውቃለሁ» አላት። «ግን እግር የምናየው ለምንድን ነው? ያመመው ይናገራል።»

«አይሰማቸውም እኮ። የማይሰማው ሰው እንዴት ይናገራል?»

«እሺ። ካልተሰማው ደግሞ ያልተሰማውን ነገር እኛ ለምን እንቀሰቅስበታለን?» ብሎ ሳቀ። «እየውልሽ፣ እዚህ የሚመጣ ሰው ጤና ጣቢያ ሽሽት ነው የሚመጣው። ጤና ጣቢያውን ይዘሽበት አትምጪ።»

በማግስቱ ክፍሏ ግድግዳ ላይ አንዲት ነጭ የሽቶ ማሽን ተሰቀለች። ማንም ሳይነካት በየጥቂት ደቂቃው ፍስ ትላለች። ክፍሉ የአበባ ሽታ፣ ያውም አንድም አበባ ሸትቶት የማያውቅ ዓይነት የአበባ ሽታ ይሞላል። ጣቢታ የመጀመሪያ ሰሞን ራሷን ያማት ነበር። ከዚያ ለመደችው። ከለመደችው በኋላ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይሸታት ጀመር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለበጎ ነገር ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የማሰሪያ ጫማ ያደረጉትን ተወቻቸው፤ መፍታቱ ጊዜ ይወስዳል። ቀጥሎ የሚቸኩሉትን። ቀጥሎ ቦቲ ያደረጉትን፤ ያኔ ግን ምክንያቱ ጊዜ አልነበረም፣ ገና ቦቲውን ስታይ ጉሮሮዋን የሚዘጋ ነገር መጣ። ይህችው ሴት ናት፣ ዓለም ገና እግር ጭኗ ላይ ታደርግ የነበረችው! አንድ ቀን ስኳር ያለባትን ሴትዮ ስታሰናብት አፏ ላይ «ጫማ» የሚለው ቃል መጥቶ ነበር፤ ማሽኗ ፍስ አለች፤ ቃሉን ዋጠችው። ከዚያ በኋላ አልመጣም። በተርታ የሚመጣውን «ታይፎይድ» ብላ መጻፍ ጀመረች። አቶ ፍቅረሥላሴም ወደዳት። ሱሉልታ ለሚከፍተው ቅርንጫፍ ኃላፊ ትሆናለች ተባለ፣ ነጭ ጋዎን ለብሳ እጇን አጣጥፋ ፎቶ ተነሣች።

ጋሽ ውብአየሁ እዚያ ድረስ የመጡት በዚህ ሰሞን ነው። ሐኪማቸው ቡራዩ መግባቷን ሰምተው ነበር፤ በጤና ጣቢያው የተተካውን ወጣት ሐኪም ጠልተው ሳይሆን፣ «ሐኪም እንደ ንስሐ አባት ነው፣ አይቀያየርም» የሚሉ ሰው ስለሆኑ ነው። ብርድ ብርድ ብሏቸው፣ አተኩሷቸው፣ ከዓለም ገና አየር ጤና፣ ከአየር ጤና አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ በሚኒባስ እየተቀያየሩ መጡ። ኮት ለብሰዋል። የልጃቸው ሰርግ ጊዜ የተገዛ ጥቁር ቆዳ ጫማ አድርገዋል፤ ተወልውሎ ከሴራሚኩ እኩል ፊት ያሳያል። ሜሪ ደም አሰጥታ፣ አስገብታ፣ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

ጣቢታ ስታያቸው ደስ አላት፣ ከልቧ ነው። ተነስታ ሳመቻቸው።

«ጋሼ! በዚህ ሁሉ መንገድ? እትዬ አስካለ እንዴት ናቸው?»

«አለች። ሰላም ብላሻለች» አሉ ስለ ሚስታቸው፣ ዙሪያውን እያዩ። «ቤተ መንግሥት ነው እንዴ የገባሽው?»

ጣቢታ ስክሪኑን አየች። ትኩሳት አለ። ስኳራቸው በጣም ወጥቷል። ነጭ የደም ሴሉ በዝቷል። ታይፎይድ፣ አለ። በቃ፣ ሁሉም ተሟልቷል። «ስኳሩን የማወርድበትን መድኃኒት እጨምራለሁ፣ ለታይፎይዱ ደግሞ በየቀኑ እየመጡ መርፌ ይወጋሉ» አለቻቸው። ስኳር ያለበት ሰው ካተኮሰው እግሩን ሳታዩ አታሰናብቱ ብላ ዓለም ገና ነርሶችን ያስተማረች ራሷ ናት። በሽቶው መሃል ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ሸተታት፤ ጤና አዳም።

«ጤና አዳም ሸተተኝ» ብላ ሳቀች። «እትዬ አስካለ ናቸው አይደል? ኪስዎ ውስጥ ነው?»

ጋሽ ውብአየሁ ፊታቸው ቀላ። «ለመንገዱ ነው» አሉ። ወደ ጫማቸው አዩ፣ ወደ እሷ አዩ፣ አሁንም ወደ ጫማቸው አዩ። የምትናገረው ቃል እንዳለ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«ሌላ ነገር አለ፣ ጋሼ?»

«ኧረ የለም። አንቺ ካልሽው ሌላ ምን አለ?»

ማሽኗ ፍስ አለች። ሜሪ በሩን ከፈተች።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ውብአየሁ በየቀኑ መጡ። በየቀኑ ያንን ጫማ አድርገው፣ በሦስት ታክሲ፣ በየመሃሉ ያለውን መንገድ በእግራቸው። ነርሷ ክንዳቸው ላይ በገባችው ቀጭን ቱቦ መድኃኒቱን ትሰጣቸዋለች፤ ሲወጡ በጣቢታ በር በኩል አለፍ ይላሉ። በሩ ገርበብ ካለ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፣ እሷም እጇን ታውለበልባለች። ትኩሳቱ ጋብ አለ። መድኃኒቱ ደሙን አስታገሰው፣ እግሩ ዘንድ ግን አልደረሰም። እሷ ግን ትኩሳቱ ጋብ ማለቱን ስክሪኑ ላይ አይታ ደስ አላት።

ስልኩ የተደወለው ሱሉልታ ሆና ነው። አቶ ፍቅረሥላሴ አዲሱን ቅርንጫፍ ሊያሳያት ወስዷት፣ ሠራተኞች መንገድ ዳር ማስታወቂያውን በገመድ ሲሰቅሉ ቆመው እያዩ ነበር። ማስታወቂያው የእሷ ፎቶ ነው፤ ፈገግ ብላለች፣ ከሥሩ «የቤተሰብዎ ሐኪም» ይላል። የደወሉት እትዬ አስካለ ናቸው።

«ልጄ፣ መርፌውን ጨርሷል» አሉ። «ከጨረሰ ወዲህ ግን አይነሳም። አትደውዪ ብሎኝ ነበር፣ ደብቄው ነው የደወልኩት። እግሩ... ጎረቤት ቤታችን አልገባ አለ።»

ጣቢታ ምን እንደሆነ ያኔውኑ ገባት። ጤና አዳሙ ከየት ይሸት እንደነበረም ያኔ ገባት።

«በሽተኛዬ ቤት መሄድ አለብኝ» አለችው ለአቶ ፍቅረሥላሴ።

«አሁን? ፎቶ አንሺው እየመጣ እኮ ነው። አምቡላንስ ይደውሉ፣ ቤት ለቤት መሄድ የእኛ ሥራ አይደለም።»

ያገኘችው ሚኒባስ ላይ ተሳፈረች። ከሱሉልታ ዓለም ገና ድረስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቅ ነው። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ሽቶ ተቀብታለች። ያ ሽቶ እስክትወርድ ድረስ ወደ ላይ ወደ ላይ ሲላት ነበር።

የጋሽ ውብአየሁ ቤት ከወፍጮው ጀርባ ነው። ሽታው በር ላይ ተቀበላት። ይህ የእግር ሽታ አልነበረም፤ ሥጋ ሲበሰብስ የሚሸተው ነበር። ጋሽ ውብአየሁ አልጋ ላይ ናቸው፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሲያዩዋት ግን ሊነሱ ሞከሩ።

«አስካለ! ጫማዬን አቀብይኝ፣ ዶክተር መጣች!»

«ይተዉ ጋሼ፣ ይተዉ» አለች ጣቢታ። ብርድ ልብሱን ገለጠችው። የተጠቀለለውን ጨርቅ ፈታችው።

የግራ እግራቸው ጣቶች ጠቁረዋል። ውስጥ እግሩ ላይ የስኒ አፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው አረንጓዴ ነው፣ ውስጡ እንደ ቦካ ሊጥ ይንተከተካል። በጠባቡ ጫማ ውስጥ በየቀኑ ሲረገጥ ከርሞ ከሥር እስከ ላይ ተበልቷል። በቁስሉ ውስጥ የጤና አዳም ቅጠል ተጣብቆ ደርቋል። ካልሲው ውስጥ ሸጉጠውት የነበረው ነው።

ጣቢታ በሩ ድረስ ሮጣ ወጣችና አስታወከች። አይታ የማታውቀው ቁስል ሆኖባት አልነበረም። ራሷ አስጠላቻት፤ እጇ፣ አፍንጫዋ፣ ሱሉልታ ላይ የተሰቀለው ፈገግታዋ። አፏን ጠርጋ ተመለሰችና አጠገባቸው ተንበረከከች።

«ለምን አልነገሩኝም ጋሼ? ቁስል ነበረ፣ አይደል? ያኔ ሲመጡም ነበረ?»

«ትንሽ ነበረች» አሉ ጋሽ ውብአየሁ፣ ራሳቸው ጥፋተኛ እንደሆኑ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ሽታ ቢጤ ጀማምሯት ነበር። ቦታው እንዲያ የጸዳ ሆኖ ሳየው አፈርኩ። አንቺን እዚያ ማዋረድ መሰለኝ። ቢሆንም ጫማ አውልቁ ትይኛለሽ ብዬ አዲስ ካልሲ አድርጌ፣ ቅጠሏንም ሸጉጬ ነበር የመጣሁት። ሳትይ ስትቀሪ እሰይ አልኩ። ጣቢታ የማታልፈውን ካለፈችው፣ ምንም የለም ማለት ነው አልኩ።»

እትዬ አስካለ ጥጉ ላይ ቆመዋል። አላለቀሱም። ጣቢታን ብቻ ያዩ ነበር።

ሆስፒታል የወሰደቻቸው ራሷ ናት፤ ሙሉውን መንገድ እግራቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ። ተረኛው ቀዶ ሐኪም ገና ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። ከጉልበት በታች ተቆረጠ። «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮ» አለ ሐኪሙ፣ ማን እንዳየው ሳያውቅ።

አቶ ፍቅረሥላሴ ወሬውን ሲሰማ ጣቢታን ጠርቶ እንደገና ሻይ አስመጣላት። ሐዘኑን ገለጸ። ከዚያ ፋይሉን አስከፍቶ እንዳየው ነገራት። ምርመራው ታዟል፣ መድኃኒቱ ተሰጥቷል፣ ስኳሩም ታይቷል፤ ፋይሉ ንጹሕ ነው፣ ማንም አይጠይቃትም።

«አንቺ ምን አጠፋሽ?» አላት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።»

ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች። ንጹሕ! ሰው እግሩን ያጣበት ነገር ንጹሕ ነው። ወለሉ ንጹሕ፣ ፋይሉ ንጹሕ፣ ስሙ ንጹሕ። በዚህች አገር ከዚህ ይበልጥ የሚሸት ንጽሕና ካለ አሳዩኝ።

ሥራዋን ጥላ ወጣች የምል መስሏችሁ ከሆነ አልወጣችም። የወጣችው ከሱሉልታው ነገር ብቻ ነው፤ አልሄድም አለች፣ ፎቶዋ ግን እንደተሰቀለ ቀረ። በጤና ጣቢያው ቦታዋን ወጣቱ ይዞታል፣ ባሏ ዛሬም ቤት ነው፣ ወንድሞቿም አሉ። ሆድ ባይኖር ሁላችንም ጻድቃን በሆንን። ስለዚህ እዚያው ቡራዩ አለች፣ ከማሽኗ ጋር ትጣላለች። ማታ ስትወጣ ባትሪዋን አውጥታ ትጥላለች፤ ጠዋት ስትገባ አዲስ ባትሪ ተደርጎላት ፍስ ትላለች። ጫማ አውልቁ ማለት ጀምራለች። ሽታው ግን ዛሬም ጉሮሮዋን ይዘጋዋል፤ የሄደው ልማድ እንደ ሄደበት ፍጥነት አይመለስም። እየተናነቃት ታያለች።

ጋሽ ውብአየሁ የመጡት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ሜሪ «ዶክተር፣ አንድ ደንበኛ፣ በክራንች» ስትላት ጣቢታ ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ወጣች፣ ሲራመዱ ልታይ። በሁለት ክራንች መሃል እየዘለሉ፣ ሴራሚኩ እንዳያንሸራትታቸው እየተጠነቀቁ ይመጣሉ። የግራው ሱሪ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። በቀኙ እግር ያ የሰርግ ጫማ አለ፣ ተወልውሏል። እትዬ አስካለ አብረዋቸው መጥተዋል፤ ውጭ በር ላይ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጣቢታን ሰላም ብለዋት አያውቁም። እኔም ብሆን አልላትም።

ጣቢታ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ስክሪኑን ጀርባ ሰጥታ ቆመች፣ ቃሉን ልትናገር አፏን ከፈተች፣ አልወጣላትም። ጋሽ ውብአየሁ ግን አልጠበቋትም። ክራንቾቹን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ እያቃሰቱ ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን መፍታት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ቆይ... እኔ ሳልል?»

«ሳትይ ነዋ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ባለፈው እንድትይ ብጠብቅ የሆንኩትን አይተሻል።» ጫማውን አወለቁ፣ ካልሲውን አወለቁ፣ እግራቸውን ወደ እሷ ዘረጉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋትና፣ ደግ ሰው ናቸውና፣ ሊያጽናኗት ብለው ቀለዱ። «ደግሞ አሁን አንድ ብቻ ናት። ብዙ አላስቸግርሽም።»

ማሽኗ ፍስ አለች። ጣቢታ ሴራሚኩ ላይ ተንበረከከች፣ የቀረችውን እግር ጭኗ ላይ አደረገች። ታጥባ መጥታለች። ሳሙና ሳሙና ትሸታለች፣ ትንሽም ዱቄት። የጣቶቹን መሃል እየፈለቀቀች ማየት ጀመረች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ አላሳያት አለ።

«በደንብ እይው» አሉ ጋሽ ውብአየሁ።

ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ እንደገና ከትንሿ ጣት ጀመረች።